ቡና ቡና የሚል ሽቶ

በዚህ ሳምንት የምጽፈው ስለ ሽቶ ነው። በቅቤና በጭስ ጉዳይ ከስንቱ ጋር እንደተከራከርኩ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ስለምታውቁ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ከወዲሁ ሳትገምቱ አትቀሩም።

የእህቴ ልጅ ለክረምቱ ነቀምቴ መጥታለች። ማታ ማታ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ጋቢያችንን ደርበን ከሰሉን ከብበን ስንቀመጥ፣ ገና ቡናው ምጣድ ላይ ሳይወጣ ቡና ቡና ይሸተኛል። ሽታው ከእሷ ነው። ምን እንደተቀባች ስጠይቃት ከቦርሳዋ ጠርሙስ አወጣችና «ኤሱማ (አጎቴ)፣ እስቲ ያሽትቱት» አለችኝ። ስሙ «ኻምራ ቀህዋ» ነው፤ ላታፋ የሚባለው የኤምሬቶች ሽቶ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው። ቡና አለበት፣ ቀረፋ አለበት፣ ሄልና ዝንጅብል አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ ቫኒላና በስኳር የተጠበሰ ለውዝ። ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ ከበድ ያለ። ወደድኩት። ከወደድኩት በላይ አወቅኩት፤ በልጅነቴ ቤት ውስጥ የነበረ ሽታ ነው።

ወዳጆቼ ግን አልተስማሙም። ሽቶ «ንጹሕ ንጹሕ» ማለት አለበት፣ ሎሚ ሎሚ ወይም ሳሙና ሳሙና፤ ምግብ ምግብ የሚሸት ሰው ከማድ ቤት የወጣ ይመስላል ባዮች ናቸው። ንጽሕና የውኃና የሳሙና ሥራ ነው። የሽቶ ሥራ ሌላ ነው። ከማድ ቤት የወጣ መምሰል ደግሞ ለምን ነውር እንደሚሆን እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

እርግጥ ጊዜና ቦታ አለው። እንዲህ ያለው ሽቶ የብርድ ነው፣ ያውም የማታ። ሎሚው ቀሎ ቶሎ ይተናል፤ ቫኒላው ግን ከባድ ስለሆነ ከቆዳ ላይ የሚነሣው ቀስ እያለ ነው። ብርድ ሲሆን በልኩ ይወጣል፣ ሙቀት ሲሆን ግን ሁሉም ባንዴ ይወጣና ያፍናል። ይህንን ማየት የፈለገ ከነቀምቴ ጊምቢ በሚኒባስ ይሂድ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት እንዲሁ ጣፋጭ ሽቶ ተቀብቶ ነበር። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ካለችው ነቀምቴ በጠዋቱ ጉም ስንነሣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ወደሱ መለስ እያደረገ ነበር። ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ስንወርድ፣ ሙቀቱ ከመስኮቱ ሲገባ፣ ያ ሽታ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሆነ፤ ረዳቱ ሳይቀር መስኮት ክፈቱ አለ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጊምቢ ዳገቱን ስንያያዘው ደግሞ ተመልሶ ለሰለሰ። ሰውየው ያው፣ ሽቶው ያው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ስለዚህ ለሻምቡና ለአርጆ ሰው አይዞህ ተቀባው እላለሁ። ለቆላ ተጓዥ ግን ጠርሙሱን ከሻንጣው ባያወጣው ይሻላል። ደጋም ቢሆን አንድ ጊዜ አንገት ላይ፣ አንድ ጊዜ የጋቢ ጫፍ ላይ ይበቃል፤ ጨርቅ ሽታ ይይዛል፣ ነገም ያገኙታል።

ሽቶ ሠሪዎቹ ወደ ምግብ ሽታ የመጡት በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ቴሪ ሙግለር «ኤንጀል»ን ሲያወጣ፣ ቀማሚው ኦሊቪዬ ክሬስፕ የተቃጠለ ስኳር የሚሸተውን ኤቲል ማልቶል የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ጨመረበት። ሰው የሚበላ ነገር መሽተት ቻለ ተብሎ ጉድ ተባለ። ቡና ዋና ሆኖ በሰፊው የወጣው ደግሞ በ2014 ኢቭ ሳን ሎራን «ብላክ ኦፒየም»ን ሲያወጣ ነው። እንግዲህ ፈረንሳይ ትናንት የደረሰችበትን ነገር የወለጋ እናቶች በየክረምቱ ማታ ሲሠሩት ነው የኖሩት።

ቡና ቀላን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከነገለባው የደረቀ ቡና በቅቤ ሲበስል፣ ቅቤው ሲነጠርና ቡናው ሲጠቁር፣ ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። ማርም አይደል፣ ሥጋም አይደል፣ ዳቦም አይደል፤ ጠቆር ያለ ጣፋጭ ነው። የተቆላ ቡና ብቻውን ከ800 በላይ የሚተኑ ንጥረ ነገሮች እንዳሉት የዘርፉ ሰዎች ቆጥረዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ስኳር ሲያር የሚወጣው ሽታ ይገኛል። በዚያ ላይ ቅቤው ውስጥ የገባው ኮረሪማ። በዚያ ላይ በወይራ ጭስ የታጠነው የወተት ቅል፣ ወተቱ ካለቀም በኋላ የሚሸተው። በዚያ ላይ የእናትየዋ ፀጉር፣ በአደስ የታሸ ቅቤ። ይህን ሁሉ ዘግቶ የሚይዘው ደግሞ ዝናቡ ነው። በር ይዘጋል፣ ሽታው የትም አይሄድም። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት አገር ጠረኑን በዚህ መንገድ ማሰባሰቡ የሚጠበቅ ነው።

ይህንን ነው እንድናፍርበት የተደረግነው። እህቴ ተማሪ እያለች አንዲት መምህርት ክፍል መሐል አስነሥታ «ይህን ቅቤሽን ታጥበሽ ነይ» ብላታለች። እህቴ ታጠበች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ቅቤ ተቀብታ ሄዳ አታውቅም፤ ቢሮ ስትገባም፣ ስትዳርም እንዲሁ። ልጇን ስታሳድግ አንድም ቀን ፀጉሯን በአደስ አላሸችላትም። ዛሬ ያቺው ልጅ ቅቤና ስኳር አብረው ሲያሩ የሚሸተውን ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ብላ፣ የደመወዟን ቁራጭ ከፍላ ገዝታዋለች። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ የተነጠቀችውን ነው ያገኘችው። የምወቅሰው ያንን የመሰለ ጠረን «ባላገር ባላገር ይላል» ብሎ ከክፍል፣ ከቢሮና ከታክሲ ያባረረውን አስተሳሰብ ነው። ዛሬም አለ። ባለፈው በአንድ ቢሮ ወረፋ ላይ ከፊቴ የቆሙ እናት ሻሻቸው ቅቤ ስለነካው ብቻ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩባቸው አይቻለሁ። እናትየዋ ሻሻቸውን ወደፊት ጎተት አደረጉት። በዚህ ነገር አሁንም እናደዳለሁ።

ስለ ጣፋጭ ሽቶ ሳነሣ ግን ጥርኝን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ወለጋ ለዓለም ሽቶ የሰጠችው ከቡና በፊት ከጥርኝ የሚጠረገውን ዝባድ ነውና። የጌርላን ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው «ዢኪ»፣ በ1925 ያወጣው «ሻሊማር»፣ የዛሬዎቹ ቫኒላ ሽቶዎች አያቶች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ዝባድ ነበር። ጣፋጩ ብቻውን ከረሜላ ሆኖ እንዳይቀር፣ የሰው ገላ ሙቀት የሚመስል ነገር የሚሰጠው እሱ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ በዝባድ የተሞላ የበሬ ቀንድ ከወለጋ፣ ከኢሉባቦርና ከጅማ ተነሥቶ ፈረንሳይ ድረስ ይሄድ ነበር። ዝባድ ገና ከቀንዱ ሲወጣ ይከረፋል፤ በጣም ቀጥኖ ሲገባ ነው መዓዛ የሚሆነው።

ልጅ ሆኜ ጥርኝ የሚያረባ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። እርባታ ይባል እንጂ አይወልድም፤ ወንዱ ከጫካ ተይዞ ነው የሚመጣው። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ተብሎ እሳት ይነድበታል። አውሬው በረጅምና ጠባብ ቀፎ ውስጥ ነው፣ መዞሪያ የለውም። ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ይሰጡታል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው አዘውትረው የማይበሉትን። ከዚያ በየ10 ቀኑ ገደማ ጅራቱን ይዘው ይጠርጉታል። ዓይኑን አልረሳውም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ቀንድ ነው።

በኋላ የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ጮኹ፤ ሻኔልም እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀሙን ማቆሙን ተናገረ። ሩዢችካ የተባለው ኬሚስት የዝባድን ዋና ንጥረ ነገር አወቃቀር ገና በ1926 ደርሶበት ስለነበር ተተኪው ከቤተ ሙከራ ተገኘ። የገቢው መቅረት የጎዳቸው ቤተሰቦች አሉ፤ እሱን አላቃልለውም። ቀፎው ግን እንዲመለስ አልፈልግም። ጥርኝ ጫካ ውስጥ ፍሬ ሲበላ፣ ዘሩን በየመጣያው ሲጥልና ሲያበቅል ይኑር።

አውሬ ሳይጠረግ የሚወጣ ጠረን አለን። ኮረሪማ ከወለጋ ጀምሮ እስከ ከፋ በየጫካው ጥላ ሥር ይበቅላል። ዘይቱን በእንፋሎት ማውጣት ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ከአቅም በላይ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ያለው እዚሁ ነቀምቴ ነው፣ ኮረሪማውም ገበያ ላይ ነው። አደስም አለ፣ ማርም አለ። ከየቱ ይጀመር ቢሉኝ ከኮረሪማው እላለሁ፤ በቡናው ሌሎች ቀድመውናል፣ ኮረሪማ የሚል ጠርሙስ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።