በሜዳ ላይ የተጠማ ልጅ

ወላጆች ሆይ፥ ከተማችን ሆሳዕናም ሆነች የከምባታዋ ዱራሜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ በመሆናቸው፥ ሙቀት የቆላ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለን ተዘናግተን እንኖራለን። ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት ከትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው ይህ አሳብ እንደማያዋጣ ያውቃል። የደጋው ነፋስ ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው ልጁ ከሰውነቱ ውኃ መውጣቱን አያስተውልም፤ ጥማቱም የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

እኛም በመምህርነታችን በዚህ ነገር በድለናል። የሚሮጥ ልጅ ውኃ ከጠጣ ሆዱን ይወጋዋል የሚለውን የቆየ አነጋገር ተቀብለን፥ ጨዋታው እስኪያልቅ ልጆቹ ወደ ቧንቧው እንዳይቀርቡ ስንከለክል ኖረናል። አንድ የመጋቢት ረፋድ ከተማሪዎቻችን አንዱ ራሴን አመመኝ ብሎ ከሜዳው ዳር ተቀመጠ፤ ስንፍና መስሎን አስነሥተን መለስነው። ጥቂት ሳይቆይ ወደቀ። ለካ ጾመኛ ነበር፤ ከማታ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም። ከጥላ አስገብተን፥ ልብሱን አላልተን፥ ገላውን በውኃ አርሰን ስናራግብለት ተመለሰ። እናቱ ግን «የኔታ፥ መጾሙን ሳይጠይቁት አስሮጡት?» ያሉን ቃል እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።

ስለዚህ በዐቢይ ጾም የሚጾም ልጅ ያላችሁ ሁሉ አስቀድማችሁ ለመምህሩ አስታውቁ። ሩጫውና ኳሱ ከጾሙ መፍቻ በኋላ፥ ልጁ ጠጥቶና ቀምሶ፥ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሓይ ሲበርድ ቢሆን ጾሙም አይፈርስም፥ ልጁም አይጎዳም። የግድ በረፋድ የሚሮጥ ከሆነ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕፃናትና ለድውያን የምትራራ መሆኗን ገና በዲቁናችን ተምረናል።

በሌላው ቀን ነገሩ ቀላል ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በሚጫወትበት ጊዜ በየ20 ደቂቃው ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሊትር፥ ማለት ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ፥ ንጹሕ ውኃ ይጠጣ፤ ከፍ ያለው ደግሞ ይጨምር። «አልጠማኝም» ማለቱን አትቀበሉት። ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ ፈልቶ ይቀዝቀዝ። ሽንቱ ቢጠቁር፥ ቢያዞረው ወይም ቢያስመልሰው ጨዋታው ይቁም። ቢቀባዥር ወይም ራሱን ቢስት ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ፥ ገላውን በውኃ እያራሳችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እኛ ዘንድ አሁን ከሜዳው ዳር፥ ከዛፉ ሥር፥ ክዳን ያለው የውኃ ጀሪካን ይቀመጣል። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይጠጣል፤ ኩባያ ማጠቡ የተቀያሪዎቹ ሥራ ነው።