ደንብ፣ ችግርና ጎረቤት

ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጣሪያው ከተመታና ግድግዳው ከተለሰነ በኋላም የነዋሪው ኑሮ በተለወጠ ቁጥር ቤቱ አብሮ ለመለወጥ ይገደዳል። ልጅ ሲወለድ ክፍል ይጨመራል፤ እናት ስታረጅ ከአገር ቤት መጥታ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ እግሩ የተጎዳ ሰው በደረጃ ፈንታ ተዳፋት መግቢያ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ በከተማ የሚኖር ሰው በይዞታው ላይ እንደ ልቡ ሊሠራ አይችልም። ግድግዳው ከወሰኑ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጣሪያው እስከ ምን ድረስ ከፍ እንደሚል፣ ከቦታውም ስንት እጁ በሕንፃ ሊሸፈን እንደሚችል የሚወስን ደንብ አለ።

እንግዲህ ደንቡና የሰው ችግር በተጋጩ ጊዜ ማን ለማን ይልቀቅ? ለደንቡ ብቻ ብናደላ ችግረኛውን እንበድላለን፤ ለችግረኛው ብቻ ብናዝን ደግሞ ጎረቤቱን እንበድላለን። የእኔ አስተያየት ከሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። ከደንቡ ውጭ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን ተገቢ የሚሆነው በግልጽ ሸንጎ፣ ጎረቤት ተሰምቶና ምክንያቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ሲሰጥ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ደንቡ ለምን እንደሚወጣ እንመልከት። በሁለት ቤቶች መካከል የሚተወው ክፍት ቦታ ባዶ ቢመስልም ሥራ አለው። በእርሱ በኩል ብርሃንና ነፋስ ይገባል፤ እሳት ቢነሣ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ፈጥኖ እንዳይዘል ያግዳል፤ የዝናቡ ውኃ ከአሸንዳው ወርዶ በጎረቤት ግድግዳ ሥር ሳይተኛ መሄጃ ያገኛል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1915 ተሠርቶ ያለቀው ኤኩዌተብል የተባለ ሕንፃ ከ30 ፎቅ በላይ ከፍታ ይዞ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ፣ በዙሪያው ያሉትን ሕንፃዎችና ጎዳናዎች በጥላው ሸፈናቸው። ሕንፃው ለደንቡ መውጣት ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ የሕዝቡን ስጋት ከፍ አድርጎታል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1916፣ ከተማዪቱ በእንግሊዝኛ ዞኒንግ የሚባለውን፣ መላውን ከተማ በቀጠና ከፋፍሎ የሕንፃን ከፍታና አገልግሎት የሚወስን ደንብ አወጣች። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው ዩክሊድ የተባለች መንደር እንዲህ ያለ ደንብ ለማውጣት መብት እንዳላት ፈረደ። ከዚህ የተነሣ ደንቡ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፋ።

ይሁን እንጂ ደንብ ለብዙዎች የሚጻፍ ነው፤ መሬት ግን እንደ ጨርቅ በአንድ መቀስ የተቆረጠ አይደለም። አንዱ ቦታ ገደላማ ነው፤ ሌላው እንደ ሽብልቅ ከፊት ሰፍቶ ከኋላ የጠበበ ነው፤ የሌላውን መካከል ደግሞ ጅረት ያቋርጠዋል። ለሜዳማና አራት ማዕዘን ቦታ ታስቦ የተጻፈው ልክ በእነዚህ ላይ ሲያርፍ ባለይዞታውን ምንም የማያሠራበት ጊዜ አለ። ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዩክሊድን ፍርድ በሰጠ በ2 ዓመቱ፣ በ1928፣ ከማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከኬምብሪጅ ከተማ አንድ ክርክር ቀረበለት። የከተማው ደንብ ከአንድ ሰው መሬት ላይ ከፊሉን ለመኖሪያ ቤት ብቻ እንዲውል ወስኖት ነበር። ነገር ግን በአቅራቢያው የመኪና መገጣጠሚያ፣ የሳሙና ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ስለ ነበሩ፣ በዚያ ላይ መኖሪያ ቤት ሠርቶ መጠቀም የማይቻል ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱም ደንቡ በዚያ መሬት ላይ ሊሠራ አይገባውም አለ። ከሁለቱ ፍርዶች የምንማረው ደንብ በጠቅላላው ትክክል ሆኖ ሳለ በአንድ ቦታ ላይ በደል ሊሆን እንደሚችል ነው።

ለዚህ ችግር የተገኘው መድኃኒት ቫሪያንስ የሚባለው ልዩ ፈቃድ ነው። የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር ለግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን በ1926 አሻሽሎ ያሳተመው ረቂቅ ሕግ፣ አምስት አባላት ያሉት ቦርድ እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀርባል። ቦርዱ የደንቡ ቃል እንዳለ ቢፈጸም ያለ አግባብ ችግር የሚያደርስ ሲሆን፣ የደንቡን መንፈስና የሕዝቡን ጥቅም ሳይጎዳ፣ ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። የቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል፤ ፈቃዱን ለመስጠት ከአምስቱ የአራቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ቢለያይም፣ በብዙ ቦታ ጠያቂው የሚመዘንባቸው ነጥቦች ተቀራራቢ ናቸው። አንደኛ፣ ችግሩ የመጣው ከቦታው ልዩ ጠባይ ነው ወይስ ከባለቤቱ ምኞት? ሁለተኛ፣ ችግሩን ራሱ ጠያቂው አላመጣውምን? ሦስተኛ፣ ፈቃዱ የሰፈሩን መልክ አይለውጥምን? አራተኛ፣ የተጠየቀው ለችግሩ ማቃለያ ከሚበቃው አይበልጥምን?

እነዚህ ጥያቄዎች ምን ያህል ብልሃት እንዳለባቸው በምሳሌ እንይ። አንድ አባወራ ከቤቱ ኋላ ለአሮጊት እናቱ አንዲት ክፍል መጨመር ፈለገ እንበል። ደንቡ ከወሰኑ 2 ሜትር እንዲርቅ ያዝዘዋል። የቦታው ጀርባ ሽብልቅ ስለ ሆነ ግን በአንደኛው ማዕዘን በኩል ከ1 ሜትር በላይ ሊርቅ አይችልም። ይህ ሰው ሊሰማ ይገባዋል፤ ችግሩን ያመጣው መሬቱ ነውና። ከአጠገቡ ያለው ሌላው አባወራ ደግሞ ሰፊና ሜዳማ ቦታ እያለው፣ መካከሉን ለመኪና ማቆሚያ ብሎ ስሚንቶ ካፈሰሰበት በኋላ፣ የሚያከራየውን ሰርቪስ ቤት ከአጥሩ ጋር አጣብቄ ልሥራ ቢል፣ ጥያቄው ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ከችግር የተነሣ ሲሆን የሁለተኛው ከጥቅም የተነሣ ነው። ለመጀመሪያውም ቢሆን የሚፈቀድለት ለአንዲት ክፍል የሚበቃው እንጂ አጋጣሚውን ይዞ ፎቅ እንዲያቆም አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ጎረቤት የሚሰማበትን ሥርዓት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ፣ በ200 ጫማ ክልል ውስጥ ላሉ ባለንብረቶች ማስታወቂያ ይላካል። በሰፈሩ ሕዝብ የተመረጠው አማካሪ ኮሚሽንም አስተያየቱን ያቀርባል፤ ቦርዱ ይህን አስተያየት ከፍ ያለ ግምት እንዲሰጠው ሕግ ያስገድደዋል። ጎረቤት ተቃወመ ማለት ፈቃዱ ይቀራል ማለት አይደለም፤ ጎረቤት ዝም አለ ማለትም ፈቃዱ የግድ ይሰጣል ማለት አይደለም። ነገር ግን በመስኮቱ ፊት ግድግዳ የሚቆምበት ሰው ከሌሎች አስቀድሞ ያውቃል፤ ያሰበውንም ይናገራል።

በዚህ አሳብ የማይስማሙ ወገኖች አሉ። አንዳንዶች፣ «ሕግ ከሕግነቱ የሚወጣው በር ሲከፈትለት ነው፤ ዛሬ ለአንዱ የተፈቀደ ነገ ለሁሉ ይሆናል» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በር የሌለው ቤት ሌባ አይገባበትም ብሎ መኩራት አይቻልም፤ ባለቤቱም አይገባበትምና። ልዩ ፈቃድ ፈጽሞ ቢከለከል የተቸገረው ሰው መሥራቱን አይተውም፤ ተደብቆ ይሠራል እንጂ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ «በገዛ ቦታዬ ላይ ማን ያዝዘኛል?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ቦታው የእናንተ ቢሆንም ጥላው የሚያርፈው በሰው ግቢ ነው።

ከሁለቱ የበለጠ ክብደት ያለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እርሱም፣ «ደንቡም ሆነ ሸንጎው የባለጠጋ መሣሪያ ነው» የሚል ነው። በእርግጥም ባለገንዘብ አርክቴክትና ጠበቃ ይዞ ሲቀርብ ድኻው በባዶ እጁ ይቆማል። የቀጠና ደንብ ሰውን ከሰው ለመለየት የዋለበትም ዘመን ነበር። በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ ጥቁሮችና ነጮች በየትኛው ጎዳና እንደሚኖሩ በዘር የሚከፍል ደንብ ወጥቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 ሽሮታል። ከዚያም በኋላ ዘርን በስም ሳይጠሩ፣ ትልቅ ቦታና አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚይዝ ቤት በመጠየቅ ድኾችን ከሰፈር ያራቁ ደንቦች ብዙ ናቸው። ይህን መካድ አይገባም። መፍትሔው ግን ሸንጎውን መዝጋት ሳይሆን ሸንጎውን ለድኻው ማቅለል ነው። በ1988 የተሻሻለው የአሜሪካ የቤት አሰጣጥ ሕግ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። ሕጉ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ሲባል ከደንብ ተመጣጣኝ ማስተካከያ እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደጁ ላይ ተዳፋት መግቢያ ለመሥራት የጎረቤቱን መልካም ፈቃድ ብቻ ጠባቂ አይሆንም። ከዚህም ሌላ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአንድ ሰፈር ቤቱን የሚያድስ ሁሉ ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ጥፋቱ ከሰዎቹ ሳይሆን ከደንቡ ስለ ሆነ መሻሻል ያለበት ደንቡ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የጎረቤት መብት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ከመጉዳት እንዲጠነቀቅ ያዝዛል፤ ጢስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታንና ጩኸትን በስም ይጠቅሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ወስኖ፣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ በመክፈል ቁጥጥሩን ለሕንፃ ሹም ሰጥቷል። ስለዚህ የጎደለን የሕግ ቃል አይደለም። የጎደለን በደንቡና በችግሩ መካከል የሚቆም፣ ሁሉም የሚያየው ሸንጎ ነው።

እንዲህ ያለ ሸንጎ በሌለበት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። «የጨረቃ ቤት» የሚለው ስም ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ማታ ያልነበረው ቤት ጧት ቆሞ ይገኛል። ጎረቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ብሎኬቱ ከአጥሩ በላይ ብቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ዝም ቢል ብርሃኑን ያጣል፤ ቢናገር ደግሞ በእድር አብሮት የሚቀመጠውን፣ በኀዘኑ ቀን ድንኳን የሚተክልለትን ሰው ያስቀይማል። ሠሪውም ቢሆን ደስታው ሙሉ አይደለም፤ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ክፍል አንድ ቀን ይፈርስብኛል እያለ ሲሰጋ ይኖራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሂል መመሪያው ያደረገ ሹም ካጋጠመ ደግሞ፣ በአደባባይ የማይሰጠው ፈቃድ በጓዳ ይሸጣል። በጓዳ የተገኘ ፈቃድ ምክንያቱ ስለማይጻፍ፣ ነገ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሌላ ሰው መጥቶ ለእገሌ እንደ ተፈቀደ ይፈቀድልኝ ብሎ ሊከራከርበት አይችልም።

ስለዚህ በየወረዳው የሚሠራ ቀላል ሥርዓት ቢዘረጋ መልካም ነው። ጠያቂው ያሰበውን ሥራ የሚያሳይ ቀላል ንድፍ ያቅርብ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ያሉት ጎረቤቶች፣ ተከራዮችም ጭምር፣ ይነገራቸው፤ ማስታወቂያውም በበሩ ላይ ይለጠፍ። የተወሰነው ቀን ሲደርስ ሁሉም ባሉበት ጉዳዩ ይታይ። ተፈቀደም ተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ይውጣ፤ ቅር ያለውም ይግባኝ ይበል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ አስቀምጦ መነጋገርን ለለመደ ሕዝብ አዲስ ትምህርትም አይደለም። አዲስ የሚሆነው የሽምግልናውን መደማመጥ ከሕጉ ጽሑፍ ጋር ማዋሐዱ ነው።

ቀድሞ በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር። የሚያቆመው የሕጉ ማዕቀፍ ለእርሱም ለተቃዋሚውም እኩል መሆኑን ማመኑ ነው። ቤት የሚያድስ ሰውም ግድግዳውን ከማቆሙ በፊት ለጎረቤቱ ይህን ያህል ክብር ቢሰጥ፣ ሹሙም ውሳኔውን በአደባባይ ቢሰጥ፣ የአሮጊቷ እናት ክፍል ይሠራል፤ የጎረቤቱም መስኮት ብርሃን አያጣም።

ጥያቄዎች

ከዚህ በላይ የቀረበውን ጽሑፍ መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን መልሱ።

1. ጸሐፊው የሚደግፈው አሳብ በየትኛው አንቀጽ ውስጥ ተገልጿል? በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት።
2. የ1926ና የ1928 ፍርዶች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉን? ምክንያታችሁን ግለጹ።
3. ጸሐፊው ከጠቀሳቸው ሦስት ተቃውሞዎች መካከል የትኛውን አጥጋቢ በሆነ መንገድ መልሷል? የትኛውንስ አልመለሰም?
4. «ቦታው የእናንተ ቢሆንም ጥላው የሚያርፈው በሰው ግቢ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አብራሩ።
5. ጎረቤታችሁ ከደንቡ ውጭ ክፍል ለመጨመር ልዩ ፈቃድ ጠይቋል እንበል። አሳቡን በመደገፍ ወይም በመቃወም ለሸንጎው የሚቀርብ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።