የእማማ ስልክና የልጄ ትምህርት

ባለፈው ወር የቤታችን የኢንተርኔት ጥቅል በሁለት ቀን አለቀ። ወሩን ያደርሰናል ብዬ የሞላሁት ነበር። የ17 ዓመት ልጄን ጠርቼ «ምን ስታይ ነበር?» አልኩት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። «ምንም አላየሁም አባዬ፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ እየጫንኩ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። እናቱም አላመነችውም። ያመኑት አያቱ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ምኑን እንዳመኑ አያውቁትም።

ልጁ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ«5 ሚሊዮን ኮደርስ» ሥልጠና ይከታተላል። ከትምህርቶቹ አንዱ የአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያ መሥራት ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ መሥሪያው ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ነፃ ያልሆነው ቤት ድረስ ማምጣቱ ነው። ሶፍትዌሩ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ነው። ኤስዲኬ የሚባሉት መሣሪያዎች ይከተላሉ። ተጭኖ አለቀ ከተባለ በኋላም፣ የመጀመሪያው ሥራ ሲከፈት ግሬድል የሚባለው ክፍል የጎደለውን ሁሉ ከኢንተርኔት ይጎትታል። መሐል ላይ መስመር ከተቋረጠ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል፤ ልጁም ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብሎ ያስባል። የኔው ሁለት ጊዜ አጥፍቶ እንደገና ጭኖታል። ጥቅላችን የሄደው እዚያ ነው።

ይህን ያስረዳኝ ፒያሳ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ልጠይቅ ነበር፤ እቁብ ደርሶኝ ነበርና። ወጣቱ የድሮውን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ገንዘብዎን ይያዙ» አለኝ። ራሙ 4 ጊጋባይት ነው፤ ሥራው ግን ቢያንስ 8 ይፈልጋል። ራም ተጨመረለት፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ገባለት። ከእቁቡ የወጣው ጥቂቱ ነው። (ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ የማይጨመርበት ላፕቶፕም አለ። አስቀድማችሁ አስከፍታችሁ አሳዩ።)

ሁለተኛው ምክሩ ስለ ኢሙሌተር ነበር። ይህ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ የሚከፈት የውሸት ስልክ ነው፤ መተግበሪያ ይሞከርበታል፤ ራም ግን ይበላል። ለአሮጌ ላፕቶፕ መከራ ነው። በሱ ፈንታ እውነተኛ ስልክ በገመድ ማገናኘት ይቻላል። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሳይሆን ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን።

ማውረዱን ደግሞ ቤት አላደረግነውም። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዘን፣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገባን። እንደተመከርነው እዚያው አንድ ባዶ ሥራ ከፍተን ግሬድል የሚጎትተውን እስኪጨርስ ጠበቅን። እኔ ጋዜጣዬን አነበብኩ። ልጄን ይቅርታ የጠየቅሁትም እዚያ ነው፤ ሰው ስለሚያነብ በሹክሹክታ።

የልጁ ስልክ ስክሪኑ ስለተሰበረ የአያቱን ተዋስን። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የተደበቀው የሠሪዎች ክፍል ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» ይበራል። እናቴ «ሰባት ጊዜ? ጠበል ነው እንዴ?» አሉ።

እዚህ ላይ ግን ወላጅ ይንቃ። ይህ ነገር ክፍት ሆኖ መቅረት የለበትም። እናቴ ስልክ ላይ ቴሌብር አለ፤ ገንዘባቸውም እዚያ ነው። ስልኩ ይህን ኮምፒውተር ልመን ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከቤታችን ላፕቶፕ በቀር እሺ አይባልም። ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል፤ ሲዘጋም ቆሜ አያለሁ።

ልጃችሁ ጎግል ፕሌይ ላይ ላውጣው ካለ፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር አለው፤ የአካውንቱም ባለቤት 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ለመማር አያስፈልግም። የአይፎን ከሆነ ማክ ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ማምሻውን ገመዱ ተሰካ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ላይ ነጭ ገጽ መጣ፤ ጥጉ ላይ «ሰላም እማማ» ይላል። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ማን ላከልኝ?» አሉ።