በገበሬ ቤት አንድ ቀን መዋል ለሹም ስለሚሰጠው ዕውቀት

የሕዝብን ኑሮ ለማሻሻል የተሾመ ሰው አገሩን በዓይኑ ማየት እንደሚገባው የማያምን የለም። ነገር ግን ማየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመንገድ እያለፉ ማየት ነው፤ ሁለተኛው ቤት ገብቶ ከማለዳ እስከ ማታ ውሎ ማየት ነው። በወላይታ ምድር እነዚህ ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ፤ ልዩነቱን ያላወቀ ሹምም በቅን ልቡና የተሳሳተ ራፖር ሊጽፍ ይችላል።

ከወላይታ ሶዶ ከተማ ተነሥቶ ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ የሚሄድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲመለከት የሚያየው ልምላሜ ነው። በየቤቱ ዙሪያ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ በአጠገቡም ቡናውና ጎደሬው፣ ከዚያ ወዲያ በቆሎውና የስኳር ድንቹ ተከታትለው ይታያሉ። ይህን አይቶ «አገሩ ጥጋብ ነው» የሚል ሰው አይፈረድበትም። ሆኖም በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በመቅረቱ ወላይታንና አጎራባቾቹን ረሃብ ባገኛቸው ጊዜ፣ ኋላ ዝናቡ መጥቶ ምድሩ ለምልሞ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጦት ይታመሙ ነበር። ይህንንም ሰዎች አረንጓዴ ረሃብ ብለው ጠሩት። ቅጠል መብቀሉ ምግብ መድረሱ አይደለምና።

የዚህ ነገር ምክንያቱ ከመንገድ አይታይም፤ ከቤት ግን ይታያል። በገበሬው ቤት ማለዳ ሥራ የሚጀመረው ከከብቶቹ ዘንድ ነው። በብዙ ቤት ከብቶቹ የሚያድሩት ከሰዎቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለ ሆነ፣ እመቤቲቱና ልጆቿ የሌሊቱን እበት ጠርገው፣ ተሸክመው ወደ እንሰቱ ሥር ይወስዱታል። በቤቱ ዙሪያ ያለው ይህ ፍግ የጠገበ መሬት ባገሩ ቋንቋ ዳርኮዋ ይባላል፤ ራቅ ብሎ እህል የሚዘራበት መሬት ደግሞ ሾካ ይባላል። እንግዳው ከዳርኮዋው ወደ ሾካው ጥቂት እርምጃ ቢሄድ፣ አፈሩ ከጥቁረት ወደ ቀይነት፣ ከልስላሴም ወደ ጥንካሬ ሲለወጥ በእግሩ ያውቀዋል። መሬቱ ቀድሞ አንድ ነበረ፤ የለየው የላሚቱ ፍግና የሴቲቱ ድካም ነው።

ስለዚህ ላሟን የሸጠ ቤት ያጣው ወተትና ቅቤ ብቻ አይደለም። ፍግ ይጎድልበታል፤ ፍግ ሲጎድል እንሰቱ ይመነምናል፤ እንሰቱ ሲመነምን በክፉ ዘመን የሚመኩበት ጎተራ ይፈርሳል። ላሚቱ በገበያ ስትሸጥ ያየ ሰው የአንድ ቀን ንግድ ያያል፤ በቤቱ የዋለ ግን የብዙ ዓመት ጉዳት ያያል።

ረፋድ ላይ እንግዳው በእንሰቱ መካከል ቢዘዋወር ሌላ ትምህርት ያገኛል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ፣ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በደኅና ቤት ችግኙ፣ መካከለኛውና የደረሰው እየተለዩ በተራ ተተክለው ይገኛሉ። ሴቶቹ የደረሰውን ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ በጉድጓድ አብላልተው ቆጮና ቡላ ያደርጉታል። ነገር ግን ቤተሰቡ ያልደረሰውን መቁረጥ ከጀመረ የመጪውን ዓመት ምግብ ዘንድሮ እየበላ ነው። ይህ ምልክት የእህል ዋጋ ሳይወደድ፣ ሕፃኑም ወደ ሐኪም ቤት ሳይወሰድ አስቀድሞ የሚታይ ስለ ሆነ፣ ከብዙ ሠንጠረዥ ይልቅ ለአስተዳዳሪው ይጠቅመዋል። ሊያየው የሚችለው ግን ወደ ጓሮ የገባ ብቻ ነው።

በዚያው ጓሮ ቅጠሉ የጠወለገ እንሰት ቢታይ የአጠውላጊው በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ በሽተኛው የተቆረጠበት ቢላዋ ነው። ቢላዋውን በእሳት ማጥራትና የታመመውን ነቅሎ መቅበር በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ሆኖም አንዱ ቢላዋ ከጎረቤት ጎረቤት እየተዋሰ የሚዞር መሆኑን ያላየ መካሪ ምክሩን ለማን እንደሚነግር አያውቅም። እንሰቱን የሚፍቁት ሴቶች ሆነው ሳለ ለስብሰባ የሚጠሩት ወንዶቹ ብቻ ቢሆኑ ምክሩ ከእጅ ሳይደርስ ይቀራል።

ቀትር ሲሆን ምሳ ይቀርባል። ድስቱም ይናገራል፤ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የብዙ ቤት ድስት የሚይዘው ስኳር ድንች ወይም ጎደሬ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲቀር የስኳር ድንቹ ሥር ብቻ ሳይሆን ለተከላ የሚቆረጠው ሐረግም ይደርቃል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲመለስ የሚተከል ይታጣል። በዚህ ጊዜ ስንዴ ከማከፋፈል ጎን ለጎን ሐረግ ከውሃ ዳር አባዝቶ ማቆየት የሚያስፈልግ መሆኑን የሚያስረዳው ያ ድስት ነው።

ማታ ከብቶቹ ሲገቡ የቤቱ በሬ እንደ ሕፃን ይመገባል። የእንሰት ቅጠል፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የታጨደ ሣር በየተራ ይቀርብለታል። የወላይታ ሰንጋ በአዲስ አበባ ሳይቀር ስሙ የታወቀው በዚህ ትጋት ነው። ጊፋታ በመስከረም ሲደርስ የበሬው ዋጋ የልጆች ልብስና የዕዳ መክፈያ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ እሳት ዙሪያ ሲቀመጡ፣ ቀን በጽሕፈት ቤት ያልተነገረው የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ጥበት ይነገራል። ሰው እውነቱን የሚናገረው ከጠገበበትና ከተራበበት ቤት ነውና።

ሆኖም እንግድነት ለድኃ ቤት ሸክም እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የወላይታ ገበሬ ከሌለው ተበድሮም ቢሆን እንግዳውን ያከብራል፤ ሹም ሲመጣ ዶሮ ከጎረቤት፣ ቅቤም ከገበያ በብድር ይመጣል። ስለዚህ የሚሄደው ሹም እነዚህን ነገሮች ይጠብቅ።

አንደኛ፣ አጃቢ ሳያስከትል ይሂድ፤ ስንቁንም ይዞ ለቤቱ ያካፍል።

ሁለተኛ፣ በበዓል ወይም በመከር ሳይሆን በጭንቁ ወራት ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ዘወትር ለጎብኚ ወደሚታየው ወደ ሞዴል ገበሬው ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ላም ወደሌለውና ባል ወደ ሞተባት ቤትም ይሂድ።

አራተኛ፣ ወላይትኛ የማያውቅ እንደ ሆነ የታመነ አስተርጓሚ ይያዝ፤ ከእመቤቲቱም ጋር የምትነጋገር ሴት የልማት ሠራተኛ አብራው ትሂድ።

«ሥራ የበዛበት ሹም በአንድ ቤት ቀኑን ሙሉ ቢውል ወረዳውን መቼ ይዳረሳል?» የሚል ይኖራል። አሳቡ ከንቱ አይደለም፤ አንድ ቤት ወረዳ አይደለምና። ቁጥር መሰብሰቡም አይቅር፤ ነገር ግን ምን እንደሚቈጠር የሚያስተምረው ቤቱ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 በዓለም ባንክ ብድር በሶዶ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውም የሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ ሁለቱም በብዙ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ዘርና ማዳበሪያ ለማን እንደሚበጅ፣ የእርዳታውም መዝገብ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚተው የሚወስነው ግን ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ከመዝገብ በስሕተት የቀረች አንዲት እናት ስሕተቱን የምትከፍለው በልጇ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ የወረዳ ኃላፊ በዓመት ሁለት ቀን፣ አንዱን በደጋው፣ ሌላውንም በቆላው፣ በገበሬ ቤት ቢውል የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አይጓደልም፤ ይልቁንም ይቃናል። ሹሙ ማታ ሲመለስ በጫማው ላይ የሚያመጣው ጭቃ ቀይ ወይም ጥቁር መሆኑን ይመልከት፤ ራፖሩንም ከዚያ ይጀምር።