ለቁራሌ ከመስጠታችን በፊት



በዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ግራ በኩል፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር የተወሸቀውን ቀይ የሣር ማጨጃ ሞተር ያላየ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። አራት ጎማ ያለው፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ከኋላ በእጅ እየተገፋ የሚሄድ ነው። ዘንድሮ በተደረገው የንብረት ቆጠራ ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ስለ ሁኔታው ብንጠይቃቸው፣ «ኧረ ተዉት ልጆቼ፣ እሱ እኮ ከሞተ ቆየ፤ ለቁራሌ ነው የሚሆነው» አሉን።

በሌላ በኩል ዝናቡ ከገባ ወዲህ የሜዳችን ሣር ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረው። ኳስ ገብታ ትጠፋለች። የሰውነት ማጎልመሻ ልምምድ የሚሰጠው በመንገድ ዳር ሆኗል። ታዲያ ሞተ የተባለውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ከፍተን ሳናየው እንቀብረዋለን ወይ? ይህ ጥያቄ ስለ ከነከነን፣ አራት ሆነን፣ የወርክሾፕ መምህራችንን አስፈቅደን ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈታነው።

ያገኘነውን እንናገር። በሰርባቶዮው ውስጥ የከረመው ቤንዚን ቀለም ቀለም ይሸታል። የካርቡራቶሩን ጎድጓዳ ክዳን ስናወልቅ ከታቹ እንደ ሙጫ ያለ ቢጫ ዝቃጭ ተጋግሯል፤ ቤንዚን የሚያሳልፈው ጠባብ ቀዳዳ ተደፍኗል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ስለቱ ደንዟል፤ በዙሪያው ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ያለፈው ዓመት ሣር ደርቆ እንደ ጭቃ ግድግዳ ተለጥፏል። የተሰበረ ዕቃ ግን አንድም አላገኘንም። ካርቡራቶሩን በንጹሕ ቤንዚን አጥበን፣ በአየር ነፍተን፣ ፊልትሮውን አጽድተን፣ አዲስ ካንዴላና አንድ ሊትር ዘይት ገዝተን ገጠምነው። የማስነሻውን ገመድ ለስድስተኛ ጊዜ ስንስበው ተነሣ! ሥራው ሁሉ የፈጀብን ሦስት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ገዳዩ ማነው? እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛው ነን። ባለፈው መስከረም፣ ለመስቀል ብለን ሜዳውን ያጨድነው እኛ ነን። ሥራው ሲያልቅ ቤንዚኑን ከነሙሉው፣ ሣሩን ከነጭቃው ትተን፣ በሩን ቆልፈን ሄድን። ዘጠኝ ወር ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሣር ማጨጃ በአገራችን ከክረምቱ ሥራ ይልቅ የበጋው ዕረፍት ይገድለዋል። ቤንዚን አንድ ወር ያህል ሲቀመጥ መበላሸት ይጀምራል፤ የሚተነው ይተንና የሚቀረው ሙጫ ይሆናል። በጥቅምት መጀመሪያ ሰርባቶዮውን አራግፎ፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረችው እስክታልቅ ሞተሩን አሠርቶ ማጥፋት የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ድሮም ጉልበት አልነበረውም» ይላሉ። ለዚህም ምክንያት አለው። እኛ ያለንበት የካ አባዶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 3 ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉ እዚህ የለም። ለስሱ አየር ቤንዚኑ ስለሚበዛ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ እርጥብና ረዥም ሣር ውስጥ ገፍትሮ ማፈን ተገቢ አይደለም። ጤዛው ሲደርቅ፣ ጎማውን ከፍ አድርጎ፣ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሢሶው በላይ ሳይቆርጡ ማጨድ ያስፈልጋል።

በዚያ ቅዳሜ ያስደነገጠንን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። ከመካከላችን አንዱ ደረቁን ሣር ለማውጣት እጁን ወደ ስለቱ ሲሰድ መምህራችን፣ «እጅህን አውጣ! የካንዴላውን ገመድ ነቅለሃል?» ብለው ጮኹበት። አልነቀለም ነበር። ስለቱ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቀጥታ በብሎን የታሰረ ነው፤ ስለቱን በእጅ ማዞር ፒስተኑን ማንቀሳቀስ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ከቀረ ሞተሩ ድንገት ሊነሣ ይችላል። ሲነሣ ደግሞ ስለቱ በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ይዞራል። ጣት ይቅርና ድንጋይ ይመልሳል! ስለዚህ መጀመሪያ የካንዴላው ገመድ ይነቀል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሳባችንን የሚቃወሙ አሉ። «ማጭድ እያለ ሞተር ለምን? ማጭድ ቤንዚን አይጠጣም፤ የታጨደውም ሣር ለከብት ይሆናል» የሚሉት እውነት አላቸው። የዘንድሮው ሣር አሁን ከደረሰበት ቁመት አንጻር መጀመሪያ በማጭድ መታጨድ አለበት፤ ሣሩንም ከብት ያላቸው ጎረቤቶች ቢወስዱት ደስ ይለናል። ከዚያ በኋላ ሜዳውን በየሳምንቱ ለጨዋታ እንዲመች አድርጎ መያዝ ግን የሞተሩ ሥራ ነው። ሌሎች ደግሞ፣ «የቤንዚን ዘመን አልፏል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሎ የለም ወይ?» ይላሉ። እኛም አዲስ የቤንዚን ማሽን ይገዛ አላልንም። ያለው ይጠበቅ ነው ያልነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ሞተሩ ከሚወገዱ ዕቃዎች ዝርዝር ይውጣ። ሁለተኛ፣ በየተርሙ ሁለት ሠልጣኞች በስም ተመድበው ኃላፊነቱን ይውሰዱ፤ የሁሉም የሆነ ዕቃ የማንም ሳይሆን እንደሚቀር በራሳችን ላይ አይተነዋል። ሦስተኛ፣ አንድ ደብተር በገመድ ታስሮ እዚያው ይንጠልጠል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ስለቱ መቼ እንደተሞረደ ይጻፍበት። ዘይቱ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። የተሞረደ ስለት ሚዛኑን ለማወቅ ምስማር ላይ በመሐሉ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ያዘነበለው ወገን ይሞረዳል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ይህ ማሽን ለክፍልም ይጠቅማል። ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1830 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን የሠራው፣ በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ፀጉር የሚላጭ መሣሪያ አይቶ፣ ይህ ሣርስ አይላጭም ወይ ብሎ ነው። እኛም ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ጀኔሬተር ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ይገጥመን ይሆናል፤ የቤንዚን ከሆነ ካርቡራቶሩም ካንዴላውም ያው ነው። ዕቃውን ሳንከፍት «ሞቷል» ማለትን እዚህ ከለመድን፣ እዚያም ልጁን ሳናውቀው «ይህ ተማሪ አይሆንም» ማለታችን አይቀርም።

ሞተሩ አሁን ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ሜዳው ላይ እንገኛለን፤ የሚጠራጠር ካለ መጥቶ ገመዱን ራሱ ይሳበው እንላለን።