የዳርዝ ቬደር ፊርማ ስንት ያወጣል?

አንድ ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ረጅም ሰልፍ አለ። የሰልፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት፣ ከአዛውንቱ ፊት የተደረደሩ ፎቶዎችና ሁለት ሦስት ማርከር። ጎን ላይ ዋጋ ተለጥፏል፤ ለፊርማ ይህን ያህል፣ አብሮ ፎቶ ለመነሳት ይህን ያህል፣ ሁለቱንም ለሚፈልግ ትንሽ ቅናሽ። አዛውንቱ ከአርባ ዓመት በፊት በአንድ የጠፈር ፊልም ላይ ለጥቂት ደቂቃ የታዩ ናቸው። ያውም ፊታቸው በጭምብል ተሸፍኖ። ሰልፈኛው ግን ሙሉ ስማቸውን ያውቃል፣ በየትኛው ትዕይንት ከየት በኩል እንደገቡም ያውቃል።

እንዲህ ያለው የአድናቂዎች ጉባኤ በአሜሪካና በአውሮፓ በየሳምንቱ መጨረሻ አንዱ ከተማ ላይ አይጠፋም። ከውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ፍርድ አንዱን ይሰጣል። አንዱ ሰልፈኛውን ይስቅበታል፤ ለአንድ ጭረት ማርከር የሳምንት አስቤዛ የሚያወጣ ጅል ነው ይላል። ሌላው ተዋናዩን ይንቃል፤ ፍቅርን በዋጋ ዝርዝር የሚቸረችር ስግብግብ ነው ይላል። ሁለቱም ፈራጆች ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለሌለ አንድ ሰው አይጠይቁም። ፊልሙ ያመጣውን ገንዘብ የወሰደው ማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ስድሳዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። “ስታር ትሬክ” የተባለው ተከታታይ ድራማ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከእ.ኤ.አ. 1966 እስከ 1969 ታየ። 79 ክፍል ከተላለፈ በኋላ ተመልካች አነሰው ተብሎ ተቋረጠ። ታዋቂ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ለየከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያ እየተሸጠ፣ ማታ ማታ እየተደጋገመ፣ አንድ ትውልድ አብሮት አደገ። ጣቢያዎቹ ማስታወቂያ ሸጡበት፣ ስቱዲዮው ደጋግሞ አከራየው። ተዋናዮቹስ? በዚያ ዘመን በነበረው ውል ተዋናይ የሚከፈለው ለተወሰኑት የመጀመሪያ ድጋሚ ዕይታዎች ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ መቶ ጊዜም ቢታይ ሳንቲም የለም። የተዋንያኑ ማህበር ገደብ የሌለው የድጋሚ ዕይታ ክፍያ ያስፈቀደው በ1974 ሲሆን፣ ወደኋላ ተመልሶ እነዚህን አልጠቀማቸውም። በየቤቱ በየምሽቱ የሚታይ ፊት ይዞ ለቤት ኪራይ መቸገር ማለት ይህ ነው። ከዚያም ክፋቱ፣ ፊቱ በጣም ስለታወቀ ሌላ ሥራ አይሰጠውም። “አንተማ የመርከቡ መሐንዲስ ነህ” ይባላል።

በጥር 1972 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቂት አድናቂዎች በአንድ ሆቴል ጉባኤ ጠሩ። ጥቂት መቶ ሰው ይመጣል ብለው ነበር። ከ3,000 በላይ መጣ። ደራሲው አይዛክ አሲሞቭ ተገኘ፣ ናሳም የሚታይ ዕቃ ላከ። ዛሬ ኢንዱስትሪ የሆነው ነገር ትልቁን እርምጃ የወሰደው እዚያ ነው። ተዋናዮቹ ስቱዲዮው በሂሳብ መዝገቡ ላይ ያልጻፋቸውን ሰዎች በሰልፍ ቆመው አገኟቸው። አድናቂው ሲከፍል ማንም ዕዳ እየከፈለ እንደሆነ አልነገረውም፤ ግን በተግባር የሆነው እሱ ነው።

የ“ስታር ዋርስ” ሁለት ሰዎች ነገሩን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያሳያሉ። ዴቪድ ፕራውስ እንግሊዛዊ ክብደት አንሺ ነበር፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ። የዳርዝ ቬደርን ጥቁር ልብስ ለብሶ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። ድምፁን ግን ጄምስ ኧርል ጆንስ ሰጠው። በኋላ የሰይፍ ፍልሚያውን ቦብ አንደርሰን ተካው። በሦስተኛው ፊልም ጭምብሉ ሲወልቅ የታየው ፊት ደግሞ የሴባስትያን ሾው ሆነ። ለፕራውስ ምን ቀረ? ቁመና፣ አረማመድ፣ የጣት አቀሳሰር። ያ ሦስተኛ ፊልም፣ የ1983ቱ፣ ከበጀቱ ብዙ እጥፍ ገንዘብ ሰብስቧል። ሆኖም ፕራውስ በ2009 እንደተናገረው ከእሱ የትርፍ ድርሻ አልደረሰውም፤ ምክንያቱም ፊልሙ “ገና አላተረፈም” የሚል ደብዳቤ ነበር የሚላክለት። የሆሊውድ ሂሳብ አያያዝ እንዲህ ነው። ለማከፋፈያ፣ ለማስታወቂያ፣ ለወለድ እየተባለ ሲቀነስ ሲቀነስ የተጣራ ትርፍ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ አይወለድም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለጠፈር ፊልም ተዋናይ የተተረተ ይመስላል።

ሰውዬው ግን አልጠፋም። ጠረጴዛ ዘርግቶ ፊርማውን ሸጠ። ከስሙ ጋር “ዳርዝ ቬደር ነው” ብሎ ይጽፍ ነበር፤ “ነበር” ሳይሆን “ነው”። ድምፁንም ፊቱንም የተቀማ ሰው እዚያች ፎቶ ላይ ብቻ ባለቤትነቱን አስመለሰ። በ2010 የፊልሙ ኩባንያ ከይፋዊ ጉባኤዎቹ እንዳይገኝ አገደው፤ እሱ ግን እስኪታመም ድረስ በሌሎቹ ጉባኤዎች መፈረሙን አልተወም። በኅዳር 2020 ሞተ።

ሁለተኛው ሰው አሌክ ጊነስ ነው፤ ኦቢ ዋን ኬኖቢን የተጫወተው። ፊልሙን ሲሠራ አስቀድሞ ኦስካር ያገኘ፣ ጥሩ ወኪል ያለው ሰው ነበር። ከአምራቹ ድርሻ ላይ 2 በመቶ ገደማ እንዲከፈለው ተዋዋለ፤ ያ ቁጥር ሀብታም አደረገው። ጊነስ ፊልሙን አይወደውም ነበር። በማስታወሻው ላይ እንደጻፈው፣ ከመቶ ጊዜ በላይ አየሁት ያለ አንድ ልጅ ፊርማ ሲለምነው “ዳግመኛ እንዳታየው ቃል ግባልኝና እፈርምልሃለሁ” አለው። ልጁ አለቀሰ። እናቱም ተቆጣች። ይህች ታሪክ ብዙ ጊዜ የምትነገረው የጊነስን የጥበብ ልክ ለማሳየት ነው። ሌላ ነገርም ታሳያለች። ፊርማን መንፈግ የሚችለው ውሉ የከፈለው ሰው ነው። ፕራውስ ያን ልጅ እንዲያ ሊለው አይችልም፤ ልጁ ደመወዙ ነው።

ስለዚህ ተዋናዩ ስግብግብ ነው የሚለው ክስ ሲሰነዘር የትኛው ተዋናይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሁሉም እንደ ፕራውስ አይደለም። ዛሬ በትልልቆቹ ጉባኤዎች ላይ የሚቀመጡ ኮከቦች በአንድ የሳምንት መጨረሻ በመቶ ሺዎች ዶላር ይዘው ይወጣሉ። አሠራሩ የታወቀ ነው። አዘጋጁ ለኮከቡ ዋስትና ይሰጠዋል፤ ማለትም ከፊርማና ከፎቶ የተሰበሰበው ከተስማሙበት መጠን ካነሰ ልዩነቱን አዘጋጁ ይሞላል፣ ከበለጠ ግን ትርፉ የኮከቡ ነው። የአዘጋጁ ፍላጎት ስለዚህ ሰልፉ እንዲፈጥን ይሆናል። ሰው ለሦስት ሰዓት ተሰልፎ ከተዋናዩ ፊት የሚቆመው ለሃያ ሰከንድ ነው፤ ረዳቱ “ቀጣይ!” ይላል። በዋስትናው ላይ ከፊልሙም በሚሊዮን የሚቆጠር ለተከፈለው ሰው ብዙ መቶ ዶላር እየከፈሉ መገፋት ዕዳ መክፈል አይደለም፤ መበላት ነው። ኬሪ ፊሸር፣ ልዕልት ሊያን የተጫወተችው፣ በ2016 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ሥራ ልብስ አውልቆ ከመደነስ ጋር አመሳስላው ነበር። ራሷን ነው የሰደበችው፤ ግን ሰልፉ ላይ ስላሉት ሰዎች ፍቅር ሳታላግጥ ጻፈች። ሁለቱን ለይታ ማየቷ ያስመሰግናታል።

ገንዘብ ባለበት ፎርጅድ አይጠፋም። ሀገራችን ፊርማ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ክብ ማህተምና ቲተር ካላረፈበት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ትመልሰዋለች። የሆሊውድ ፊርማ ማህተም የለውም። የሉክ ስካይዎከሩ ማርክ ሃሚል በስሙ የሚሸጠው ፎርጅድ ቢያስመርረው፣ አድናቂዎች የገዙትን በትዊተር እየላኩለት “ይህ የእኔ ነው፣ ይህ አይደለም” እያለ ሲፈርድ ነበር። ካሊፎርኒያም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ከ5 ዶላር በላይ የሚሸጥ ማንኛውም ፊርማ ያለበት ዕቃ የትክክለኛነት ማረጋገጫ ይኑረው የሚል ሕግ አወጣች፤ ሃሚልም ደግፎት ነበር። ሕጉ ግን ደራሲ ጋብዘው መጽሐፍ የሚያስፈርሙ መጻሕፍት ቤቶችን ሁሉ ወንጀለኛ ሊያደርግ ሆነ፤ ክስ ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ተሻሻለ። ከሰልፉ ላይ ቆሞ ዓይኑ እያየ የሚያስፈርም ሰው ከሁሉም የተሻለ ማረጋገጫ እንዳለው ማንም አልተከራከረም። ሰልፉ ለምን እንደማይጠፋ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የኒሼል ኒኮልስ ታሪክ ነው። “ስታር ትሬክ” ላይ ሌፍተናንት ኡሁራን የተጫወተችው እሷ ናት፤ ስሙ “ኡሁሩ” ከሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ከነፃነት የመጣ ነው። ከአንደኛው ዓመት በኋላ ልትለቅ ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት አትልቀቂ እንዳላት ዕድሜዋን ሙሉ ተርካለች። ጥቁር ሴት በሎሌነት ሳይሆን በመኮንንነት ቴሌቪዥን ላይ ስትታይ ምን ማለት እንደነበር እሱ ያውቅ ነበር። በ1977 ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈር ተጓዥነት እንድትመለምልለት ቀጠራት። በ1992 ወደ ጠፈር የሄደችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሜይ ጀሚሰን ለዚህ ያነሳሳችኝ ኡሁራ ናት ብላለች። እንግዲህ ይህች ሴት በ2018 የመርሳት በሽታ እንዳለባት ታወቀ። በልጇ፣ በሥራ አስኪያጇና በወዳጇ መካከል ስለ ሞግዚትነቷና ስለ ንብረቷ የፍርድ ቤት ክርክር ተነሳ። በ2021 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ላይ የስንብት ጉባኤ ተደረገላት፣ በሐምሌ 2022 በ89 ዓመቷ አረፈች።

ለአንድ ሀገር የጠፈር መርሐ ግብር ይህን ያህል የሠራች ሰው በሰማንያዎቹ ዕድሜዋ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ መፈረሟን እንደ ክብር ብቻ ማየት ይከብዳል። ሰልፈኛው ሊያከብራት ነው የመጣው። ግን አንዲት አሮጊት ደክሟት እንደሆነ የሚጠይቅ፣ “ዛሬ ይብቃ” የሚል ማን ነው? አዘጋጁ ትኬት ሸጧል። ሥራ አስኪያጁ ድርሻ አለው። ጉባኤዎቹ ለፎቶ አነሳስ ዝርዝር ደንብ አላቸው፣ ለፕላስቲክ ሰይፍ ርዝመት እንኳ ደንብ አላቸው። ለአረጋዊ ተዋናይ የሥራ ሰዓት ገደብ ማውጣት ከዚያ አይከብድም። ራሱ ሰልፈኛው ቢጠይቅ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ይወጣል፤ ከፋዩ እሱ ነውና።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ነው የሚል ካለ 2023ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ሐምሌ የሳን ዲዬጎው ኮሚክ ኮን ሲከፈት መድረኮቹ ከኮከብ ባዶ ነበሩ። ተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበሩ፤ አድማው 118 ቀን ቆየ። ከዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ያው የድጋሚ ዕይታ ክፍያ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከኢንተርኔት ማሳያዎቹ ኩባንያዎች። ስምምነቱ ጥቂት አሻሻለ። ዛሬ በትንሽ ክፍያ የሚሠራ ወጣት ተዋናይ በ2060 የት እንደሚቀመጥ መገመት አይከብድም፤ ጠረጴዛውና ማርከሩ ይጠብቁታል።

ታዲያ ሰልፈኛው ምን አገኘ? እዚህ ላይ የሀገራችንን አንድ ፊልም ማንሳት ይቻላል። ስፔናዊው ሚጌል ላንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራውና በ2015 የወጣው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት “ክረምብስ” (ፍርፋሪ እንደማለት ነው) ከጥፋት በኋላ ስላለ ዓለም ነው። እዚያ ዓለም ላይ የእኛ ዘመን ተራ የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይከበራል። ተመልካች ይስቃል። ግን ዕቃን ውድ የሚያደርገው ፕላስቲኩ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ፈረንጁም ፎቶውን ፍሬም ውስጥ አስገብቶ የሚሰቅለው ለቀለሙ አይደለም።

የ“ስታር ትሬክ”ን መሐንዲስ የተጫወተው ጄምስ ዱሃን የተረከው ታሪክ አለ። ራሷን ልታጠፋ እንደሆነ የሚያስመስል ደብዳቤ የጻፈችለትን አንዲት አድናቂ ደውሎ “የሚቀጥለው ጉባኤ ላይ እንገናኝ” አላት። መጣች። ቀጣዩም ላይ ጠራት፣ ከዚያ ቀጣዩም ላይ። ከዓመታት በኋላ በኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ መያዟን ጽፋ አመሰገነችው። ዱሃን ይህን “ትሬኪስ” በተባለው የ1997 ዘጋቢ ፊልም ላይ ሲናገር እንባ ይተናነቀው ነበር። ያ ሰው በድጋሚ ዕይታ ክፍያው ቢከበር ኖሮ ጉባኤ ላይ ባልተገኘም ነበር ይሆናል። ይህ ስቱዲዮውን አያጸድቀውም።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በየዓመቱ በሚካሄደው ኦሰም ኮን ላይ የሐበሻ ልጅ ተሰልፋ ብትገኝ አይገርምም። ተራዋ ሲደርስ ተዋናዩ “ለማን ልበል?” ይላታል። ይህች ጥያቄ ከሰልፉ ሁሉ ትበልጣለች። አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴ “ስም አትጻፍበት” ነው የሚለው፤ የሰው ስም ያለበት ፎቶ ገበያ ላይ ዋጋው ይወድቃልና። ጫልቱ ወይም ጽዮን የምትባል ልጅ ግን ስሟን ፊደል በፊደል ታስቆጥረዋለች። ሰውዬው ተሳስቶ ይጽፋል፣ ይስቃል፣ አዲስ ፎቶ አንስቶ እንደገና ይጽፋል። ረዳቱ “ቀጣይ!” ይላል። ሁለቱም አልሰሙትም።