ከትብብር ደብዳቤው በኋላ

የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ትምህርት ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በትብብር ደብዳቤው ነው። ርዕሰ መምህሩ ይፈቅዳሉ፣ መጠይቁ ለአይሲቲ መምህራን ይታደላል፣ በእረፍት ሰዓት ተሞልቶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ጥናቱ የት እንደደረሰ የሞላው መምህር አይሰማም። የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ተማሪው ዛሬም ለአንድ ኮምፒውተር ይጋፋል፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የኪቦርድን ሥዕል ከሰሌዳ ይገለብጣል።

ይህ ሊለወጥ ይችላል። በሎስ አንጀለስ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ጄን ማርጎሊስና ባልደረቦቻቸው በሦስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ላቲኖ ተማሪዎች ከኮምፒውተር ሳይንስ ለምን እንደሚርቁ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ ኮምፒውተር ባለበት ትምህርት ቤት እንኳ ብዙዎቹ ልጆች ከታይፕ ብዙም አያልፉም ነበር። መጽሐፉን አሳትመው ግን አልሄዱም። ቀድሞ መምህርት ከነበሩት ከጆአና ጉድና ከከተማው ትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው አዲስ ኮርስ ቀረጹ። መምህራኑም በስልጠናው ንግግር ከማድመጥ ይልቅ ትምህርቱን እርስ በርስ እያስተማሩ ተለማመዱት።

እኛ የተቃራኒውን ዋጋ እናውቃለን። የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ጠይቆ፣ ተማሪው እስክሪብቶ ሳያነሳ፣ መልሱን ራሱ ይናገር ነበር። መምህሩም ከተማሪው ጋር ቆሞ ይመለከት ነበር። ሌላ የተዘጋጀ ነገር ከላይ እንዲወርድልን አንጠብቅ።

ኮምፒውተር የለም ብሎ መቀመጥም አያዋጣም። በኒውዚላንድ ቲም ቤልና ጓደኞቻቸው ያለ ኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጅተዋል። አምስት ልጆች ከክፍሉ ፊት ይቆማሉ፤ በየካርቶናቸው ላይ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ተስሏል። 11 ሲባል ባለ 8፣ ባለ 2 እና ባለ 1 ካርቶኖቹ ይገለጣሉ፣ የቀሩት ይዞራሉ። በአምስት ቁራጭ ካርቶን ከ0 እስከ 31 ይቆጠራል፤ ኮምፒውተር ቁጥርን እንዴት እንደሚይዝ ልጁ በገዛ እጁ ያየዋል። ታዲያ ይህ ጨዋታ በተጨናነቀ ክፍል፣ በልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ምን ያህል ይሠራል? ከኋላ ወንበር ያለችው ልጅ ተራ ይደርሳታል? መምህር ብቻውን አይመልሰውም፤ ተመራማሪም ከቢሮው ሆኖ አይመልሰውም።

ስለዚህ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን የሆናችሁ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሆይ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር ጎን ግዴታችሁ ነው። በአቅራቢያችሁ አንድ ትምህርት ቤት ያዙ፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዓመታት። ርዕሳነ መምህራን፣ ለዚህ ሥራ የአይሲቲ መምህራችሁን ክፍለ ጊዜ አቅልሉለት፤ ሥራውም በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሰዓቱ ይያዝለት። መምህራን፣ የሚቸግራችሁን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ጥናቱ ከእሱ ይጀምር፣ ስማችሁም ከተመራማሪው ስም ጎን ይስፈር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም መምህሩን በየዓመቱ አታዛውሩት።

ክረምት ለመጀመር ጥሩ ጊዜ ነው፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ መምህራኑም ፋታ አላቸው። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚነበበው በዚያው ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ይሁን፤ መጠይቁን የሞሉት ተቀምጠው እየሰሙ።